የኢሶቤ ወጥ ቤት የተዘጋበት ዓመት

ኢሶቤ ቶሜኮን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። በጥቂት ዓመት ብበልጣትም የተማርነው በአንድ ትምህርት ቤት ነው፤ በዚሁ በናሚዑራ አንደኛ ደረጃ። ያኔም ዝምተኛ ነበረች። እኛ አፈኞቹ ከተማ ገብተን ሰው እንሆናለን እያልን ስንፎክር እሷ ጥግ ይዛ ትሰማ ነበር። በኋላ ግማሾቻችን ሄደን ቀረን፣ ግማሾቻችን ጭራችንን ሸጉጠን ተመለስን፤ እሷ ግን ከዚህ ባሕር ዳር ንቅንቅ ሳትል ቆየችን። እኔ ከተመላሾቹ ነኝ። ኦሳካ ጥቂት ተንከራትቼ የአባቴን ቶፉ ቤት ተረከብኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አኩሪ አተር እየፈጨሁ፣ ወተቱን እንደ አይብ እያረጋሁ፣ እየቆረጥኩ እሸጣለሁ። ስሜ ሺሞሳቶ ነው፤ ሰው ግን "ቶፉው" ይለኛል። ተቆጥቼም አልተዉኝ።

ባሏ በጎልማሳነቱ ሞተባት። አንድ ልጇ ቶኪዮ አግብቶ እዚያው ቀረ። በአዲስ ዓመት ይደውላል፣ ከበስተኋላው ቴሌቪዥን ይጮኻል፣ እሷም ድምፁን ከቴሌቪዥኑ ለይታ እስክትሰማ ይዘጋል። ሌላ ዘመድ የላትም። ብቸኛ ሴት ናት። ይህን ባደባባይ ስናገር ብትሰማኝ ትጣላኛለች፣ ግን እውነት ነው፤ ለሰው የምትናገረው ነገር ጠፍቷት ሳይሆን የሚጠይቃት ጠፍቶ ዝም ያለች ሴት ናት።

የነበራት የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ነው። በደጉ ዘመን አራት ሴቶች ይሠሩበት ነበር፤ ጓዳው በሳቅና በሐሜት ይናጋ ነበር። ከዚያ ወጣቱ እየሄደ፣ የቀረውም መውለድ እየተወ ሲመጣ ልጆቹ አነሱ፤ ልጆቹ ሲያንሱ ሴቶቹም አንድ በአንድ ተቀነሱ። መጨረሻ ላይ ለአርባ የማይሞሉ ልጆች ኢሶቤ ብቻዋን ቀረች። ሩዝ ታፈላለች፣ ዓሣ ትጠብሳለች፣ ሚሶ ከሚባለው ከተብላላ የአኩሪ አተር ሊጥ ሾርባ ትሠራለች፣ ልጆቹ ነጭ ቆብ አድርገው መጥተው ድስቱን ለሁለት ተሸክመው ወደ ክፍላቸው ይወስዳሉ። "የምሳ አክስቴ" ነው የሚሏት። ስሟን የሚያውቅ ልጅ ያለ አይመስለኝም።

ጎህ ሲቀድ ቶፉ ላደርስ በጓሮ በር ስገባ እሷ ቀድማኝ አለች። ወሬዋ ሁሉ ከተመለሰ ሳህን ነው። "የአሳኖ ትንሹ ትናንት ፍጅሉን ለቅሞ በላ፤ እናቱ ከሆስፒታል ወጥታለች መሰለኝ" ትለኛለች። አንቺ ፖሊስ ብትሆኚ ኖሮ በዚህ አገር ሌባ አይተርፍም ነበር እላታለሁ። ትስቃለች። በዓመት የምስቀውን ሁሉ እዚያች በር ላይ ነው የምስቀው ብትለኝ አምናት ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን ትከሳለች። መንገድ ላይ ሳገኛት ድምፅ ማውጣት የረሳች ይመስል ጉሮሮዋን ጠርጋ ነው ሰላም የምትለኝ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ሴጋዋ የሚባል ዳይሬክተር መጣልን። ለዳይሬክተርነት ወጣት ነው፤ ሚስቱንና ልጆቹን ከተማ ትቶ ብቻውን ተመድቦ የመጣ፣ በመምህራን መኖሪያ አንዲት ክፍል ውስጥ ደረቅ ኑድል እያፈላ የሚያድር ሰው። በትምህርት ቤቶቻችን ደንብ አለ፤ ልጆቹ ከመብላታቸው ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ዳይሬክተሩ ብቻውን ይበላል። ምግቡ የሚያሳምም ከሆነ እሱ ይታመም ነው ነገሩ። ስለዚህ በየቀኑ ኢሶቤ ትሪውን ይዛ ቢሮው ትገባለች፣ እጅ ትነሳለች፣ እሱም ተነስቶ እጅ ይነሳል፣ ከዚያ እሱ ወረቀቱን እያየ ይበላል፣ እሷ ኮሪደር ላይ ትጠብቃለች። ሁለት ብቸኛ ሰዎች፣ በመካከላቸው አንድ በር። ሳህኑን ሁሌም አጽድቶ ይመልሳል። ከቀድሞው ዳይሬክተር ይሻላል ትለኝ ነበር፤ እሱ ጨው በዛ የሚል ሰው ነበር።

የቀድሞው ሰውዬ በሌላም ነገር የከፋ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ በጀት ሲቀንስ በሩን ዘግቶ ይቆርጣል፤ እኛ የምናውቀው ነገሩ ሲጠፋ ነው። ፒያኖዋን እንዲያ ነው ያጣናት። ልጆቹ ከእረፍት ሲመለሱ ወለሉ ላይ የእግሯ ምልክት ብቻ ቀርቶ ነበር። ሴጋዋ ይህን ሰምቷል። እናም በመጣ በሁለተኛው ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ ማዘጋጃ ቤቱ እንደገና ቀንሱ ሲል ወላጁን፣ ሠራተኛውን፣ እንደኔ ያለውንም ዕቃ አቅራቢ ሁሉ ጠርቶ በጂምናዚየሙ ሰበሰበን። ጫማችንን አውልቀን በዚያ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ተቀመጥን፤ አንዲት ምድጃ ነበረች፣ እሷም የምታሞቀው ራሷን ነው።

ሰውዬው ያደረገው ትክክል ነበር። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፣ ምክንያቱም አሁን ሰው ሁሉ ጥፋቱን በእሱ ላይ መደፍደፍ ይወዳል። ሰሌዳው ላይ ሦስት ነገር ጻፈ። ወጥ ቤቱ፣ ማንበብ የሚቸግራቸውን ልጆች አጠገባቸው ተቀምጣ የምታስጠናቸው ወጣቷ ረዳት መምህርት፣ እና የላይኛው መንደር ልጆች የሚመጡባት ያረጀች አውቶቡስ። ከሦስቱ አንዱ መሄዱ የማይቀር መሆኑን ነገረን። ወጥ ቤቱ ቢዘጋ ምግብ ከወረዳው ማእከላዊ ወጥ ቤት በመኪና ይመጣል አለ። ከዚያም ዛሬ ማንም በሆዱ ይዞ አይሂድ፣ የተናገራችሁትን እንደተናገራችሁት እይዛለሁ፣ ከጀርባ የሚደረግ ነገር የለም ብሎ ቃል ገባ። እኔ በልቤ አጨበጨብኩለት።

ብዙ ሰው ተናገረ፤ ብዙውም የራሱን አውቶቡስና የራሱን ልጅ ነው የተናገረው። መጨረሻ ላይ ሴጋዋ ወደ ኋላ፣ ግድግዳው ሥር ወደተቀመጠችው ወደ ኢሶቤ ዞረ፤ በኛ ወግ ስሟ ላይ "ሳን" የሚለውን ማክበሪያ ጨምሮ ጠራት።

"ኢሶቤ ሳን፣ ነገሩ ከማንም በላይ እርስዎን ይነካል። እርስዎስ ምን ይላሉ?"

ተነሳች። እጅ ነሳች። "ስለኔ አታስቡ" አለች። "ልጆቹ በልተው ይጥገቡ እንጂ ምግቡ ከየትም ቢመጣ ግድ የለኝም።"

እንዲህ ያለ ቃል በኛ ዘንድ የንግግር መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። እንግዳ መጥቶ ሻይ ልቅዳ ስትለው ኧረ ተወው ይላል። ደግመህ ትለዋለህ፣ ኧረ አትቸገር ይላል። ሦስተኛ ስትለው እንግዲህ ካልክ ብሎ ይጠጣል። አንዴ ጠይቆ ማንቆርቆሪያውን የሚመልስ ሰው ቤቱ ማን ይገባል? ይሉኝታ የሌለው ስግብግብ ነው መጀመሪያ ሲጠየቅ እሺ የሚል። ኢሶቤ የመጀመሪያውን እምቢታ ተናገረች፤ ቀጥሎ ተራው የእሱ ነበር። አዳራሹ ሁሉ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቀ።

ሴጋዋም የዚሁ አገር ሰው ነው፣ ደንቡን አጥቶት አይደለም። ለሻይ ቢሆን ሦስቴ ይጠይቅ ነበር። ግን የሰውን ቃል እንደወረደ እይዛለሁ ብሎ ገና ሲጀምር ቃል ገብቷል። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ እጅ ነሳትና እንዲህ ያለ ልብ ስላላት አመሰገናት። ከዚያ ዞሮ "ወጥ ቤት" የሚለውን በጠመኔው ከበበው። እሷ ገና ቆማ ነበር። ጥቂት ቆይታ ተቀመጠች።

በማግስቱ ቶፉዬን አራግፌ ቀጥታ ቢሮው ገባሁ። ደግመው ይጠይቋት አልኩት።

"ሺሞሳቶ ሳን፣ ሰው ፊት ቆመው የተናገሩትን አላመንኩም ልበላቸው?" አለኝ። "ስድብ አይሆንም? እኔ የሰውን ቃል ካላመንኩ ያ ሁሉ ስብሰባ ምን ረባ?"

  ስድብ አይሆንም፣ ስድቡ ዝም ማለቱ ነው አልኩት። እሱም በጣም በትሕትና፣ የእርስዎም ሥራ እንደሚጎዳ አውቃለሁ፣ አዝናለሁ አለኝ። እዚህ ላይ ዋጥኩት። ማእከላዊው ወጥ ቤት ቶፉ የሚገዛው ከፋብሪካ ነው፤ የኔም እንጀራ የተነካ ስለሆነ ምንም ብናገር ለራሱ ነው የሚጮኸው ያሰኛል። ደህና ዋሉ ብዬ ወጣሁ።

ወደ እሷ ሄድኩ። ካሮት ትከትፍ ነበር። ሂጂና ንገሪው እንጂ፣ ምን ሆነሻል አልኳት።

"አንዴ ተናግሬያለሁ" አለችኝ። "አሁን ባጥፍ ያቺ ረዳት መምህርት ናት የምትሄደው። ልጆቹን ማን ያስነብብ?"

"አንቺስ?"

"አንተ ቶፉህን አውርድ።"

አውርጄ ነበር። ሳጥኑ እግሯ ሥር ነበር።

ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚባለው ይኼ ነው። እሱ ለቃሉ ብሎ፣ እሷ ለይሉኝታዋ ብላ፣ ያ የበረዶ ወቅት እንደዚያው አለፈ። በየቀኑ ትሪውን ይዛ ትገባለች፣ ይነሳል፣ እጅ ይነሳሳሉ፣ ይበላል። በመካከላቸው ያለውን ነገር አንድም ቀን አላነሱትም። እሷ እየጠበቀች እንደነበር አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት በጓሮ በር ስገባ ቀና ብላ የምታየኝ አስተያየት ነበር፤ ወሬ ይዘህ መጣህ ወይ የሚል። እኔ የያዝኩት ቶፉ ብቻ ነው።

የትምህርት ዘመኑ መጋቢት ላይ ይዘጋል። የመጨረሻውን ቀን ታሪክ የነገረኝ ራሱ ሴጋዋ ነው፤ ሱቄ መጥቶ፣ አንዲት ቶፉ ገዝቶ፣ ሳይሄድ ቆሞ። ኢሶቤ ትሪውን አስገብታ ስታስቀምጥ በሩን ክፍት ትቶ እንድትቆይ ለመናት። ዝም ብሎ መለያየቱ ከብዶት ነበር። ውሳኔው ባያስደስተኝም የእርስዎን ፈቃድ ማክበር ነበረብኝ አላት።

እሷም ትሪውን እያየች፣ "አንዴ ነው የጠየቁኝ" አለችው።

መጀመሪያ አልገባውም። ቾፕስቲኩን አስቀመጠ። ቆይቶ ገባው፤ ሲገባው ጆሮው ድረስ ፊቱ ጋለ አለኝ።

"ሁለተኛ ብጠይቅዎት ኖሮ?"

"ሁለተኛም እምቢ እል ነበር።"

"ሦስተኛስ?"

 ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው አለችውና ወጣች። እሱም ሾርባውን መጠጣት ግዴታው ስለሆነ ጠጣው። ልጆቹ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መብላት አለባቸው፣ ያልተቀመሰ አይበላም። እያለቀስኩ ነው የጠጣሁት አለኝ፣ ሱቄ ውስጥ፣ ቶፉዋን በላስቲክ አንጠልጥሎ። 

ከዚያ በኋላ ሮጠ። ማዘጋጃ ቤት ሄደ፣ ደብዳቤ ጻፈ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በጀቱ ጸድቋል፣ ከማእከላዊው ወጥ ቤት ጋር ውል ተፈርሟል፣ የጋዙ መስመር ተቆርጧል። ትላልቆቹን ድስቶች የጭነት መኪና መጥቶ ወሰዳቸው። ለኢሶቤ በማእከላዊው ወጥ ቤት ሥራ ሰጧት፣ ሳህን በሚያጥበው ማሽን አጠገብ። በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ የሚታጠበው የማን ሳህን እንደሆነም አይታወቅም። አመስግና መለሰችው። እነሱም ሁለተኛ አልጠየቋትም፤ እነሱስ ወረቀት ነው የላኩት፣ ወረቀት ደግሞ አይደግምም።

ያን ዓመት እንዴት እንደኖረች ልንገራችሁ ብል የምነግራችሁ የለኝም። ምንም አልሆነችም። አልታመመችም፣ አላማረረችም። ጠዋት በለመደችው ሰዓት መብራቷ ይበራል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆን ነገር የለም። ረፋድ ላይ ምግቡን የሚያመጣው ነጭ መኪና በቤቷ በር ያልፋል። እሷም በዚያ ሰዓት በር ላይ የምትጠርገው ነገር አታጣም። ትምህርት ቤቱ በር አካባቢ ግን እግሯ አይደርስም፤ ዓሣ ስትገዛ እንኳ በታችኛው መንገድ ዞራ ነው የምትሄደው። ልጆቹ መንገድ ላይ ሲያገኟት የምሳ አክስቴ ብለው ሮጠው ይመጣሉ፣ ትንሽ ይቆማሉ፣ የሚሉት ይጠፋቸዋል፣ ይሄዳሉ። እኔ አንዳንዴ ማታ ማታ ቶፉ አደርስላታለሁ። በር ላይ ነው የምናወራው፣ እንደድሮው። ወሬው ግን ያልቅብናል፤ ተመልሶ የመጣ ሳህን የለማ።

በሚቀጥለው ኅዳር ማዘጋጃ ቤቱ ቀንሱ አለ እንደገና። ማዘጋጃ ቤት አንዴ መቁረጥ ከለመደ እንደ በግ ሸላች ነው። ሴጋዋ አሁንም ስብሰባ ጠራ፣ አሁንም ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ግን ከስብሰባው በፊት በበረዶ ውስጥ በየቤቱ ዞረ። ጫማውን አውልቆ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ይጠይቃል። እምቢ ሲሉት ሻዩን ይጠጣና ይጠይቃል። ስለ አየሩ፣ ስለ ዓሣው ካወራ በኋላ እንደገና ይጠይቃል። በላይኛው መንደር ኦኩዳ የሚባሉ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ስለ አውቶቡሷ ሲጠይቃቸው ኧረ ትሂድ፣ እኛ ስንማር በእግራችን አልነበር አሉት። ሁለተኛም ያንኑ አሉ፣ ጀግንነታቸውንም ጨመሩበት። በሦስተኛው ግን፣ ልጅቷ በዚህ በረዶ ብቻዋን ስትመጣ እያሰብኩ እንቅልፍ አልወስድ ካለኝ ሰንብቷል አሉት። አውቶቡሷ ቀረች። የተዘጋው የትምህርት ቤቱ መዋኛ ገንዳ ነው፤ ሦስቴ ተጠይቆ የተሟገተለት ሰው አልተገኘም፣ ልጆቹም ባሕር አላቸው።

እንግዲህ በጀት ይቀነስ ከተባለ እንዲህ ነው የሚቀነሰው እላለሁ እኔ። በአዳራሽ ሳይሆን በየቤቱ፣ አንዴ ሳይሆን ሦስቴ። ሴጋዋ ይህን ተማረ። የተማረበትን ዋጋ የከፈለችው ግን እሷ ናት።

ደስ ብሎት ሊነግራት መጣ። ያን ዕለት እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ቶፉ ይዤ በሯ ላይ ቆሜያለሁ። ኮቱ ላይ በረዶ አለ። የኦኩዳን ነገር፣ የአውቶቡሷን ነገር ነገራት፣ ከእርስዎ ነው የተማርኩት አላት። እሷም ፊቷ በራ። ከልቧ ነው፣ እሷን አውቃታለሁ። ለልጅቷ ደስ አለኝ፣ በረዶው ዘንድሮ ከባድ ነው አለች።

ከዚያ እሱ ጎንበስ አለ። "ኢሶቤ ሳን፣ አንድ ቀን መጥተው ከልጆቹ ጋር ምሳ ይብሉልን። ሁሌ ይጠይቁኛል።"

"ኧረ እኔ ምን ላደርግ" አለች።

"እባክዎ ይምጡልን።"

"ሥራ አስፈታችኋለሁ።"

 እሱ ተስፋው ፊቱ ላይ ይታያል፤ ደንቡን አሁን ከማናችንም በላይ የያዘው እሱ ነው። ሦስተኛ ጠየቃት። ቀስ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አልመጣም፣ መምህር" አለችው። ምክንያት አልሰጠችም፣ ፈገግም አላለች።

አራተኛ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት፣ መምህር፣ ይበቃል አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። እጅ ነሳኝ፣ እሷንም እጅ ነሳትና በበረዶው ውስጥ ወደ ትምህርት ቤቱ ወረደ። ጀርባውን እስኪጠፋ ድረስ አየነው።

እኔም ልሄድ ስል እጅጌዬን ያዝ አደረገችኝ። አንድም ቀን እንዲያ አድርጋ አታውቅም።

"ልጆቹ ዛሬ ምን በሉ?" አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። ሲወርድ ልጠይቀው ይገባ ነበር፣ አልጠየቅኩትም። እሷም ግድ የለም አለችና ቶፉዋን ተቀብላኝ ገባች።